ፍቅር፣ እምነትና ልብ አንጠልጣይ ታሪክ በጎጃም ትንሽ ከተማ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ክርስቲያናዊ ልብ አንጠልጣይ የፍቅር ልብ ወለድ ሲባል ምን ማለት ነው?

ሦስት ነገር አብሮ የሚጓዝበት ልብ ወለድ ነው። ሁለት ሰዎች ይዋደዳሉ፤ አንዳቸውን ወይም ሁለቱንም ለሕይወት የሚያሰጋ ነገር ያሳድዳቸዋል፤ በዚህ መሐል እምነታቸው ይፈተናል። ከሦስቱ አንዱን አውጥተው ታሪኩ ሳይናጋ ከቀጠለ የጎደለ ነገር አለ። ብዙ ጊዜ ያለ ጉዳት ሊወጣ የሚችለው ደግሞ እምነቱ ሆኖ ይገኛል። ጀግናዋ በየምዕራፉ መጨረሻ ትጸልያለች፣ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ትስማለች፤ ነገር ግን ክርስቲያን ባትሆንም ኖሮ ያደረገችውን ሁሉ ታደርግ ነበር። ይህ ጸሎት የተጨመረበት የወንጀል ታሪክ ነው። ዘርፉ የሚፈልገው ባለታሪኩ በማመኑ ምክንያት ቀላሉ መውጫ ሲዘጋበት ማየት ነው፦ ዋሽቶ ማምለጥ ሲችል የማይዋሽ፣ ገድሎ መገላገል ሲችል የማይገድል፣ የሰማውን ተናግሮ መዳን ሲችል አፉ የታሰረ ሰው። የአንባቢ ልብ የሚንጠለጠለው እዚያ ላይ ነው።

በምዕራቡ ዓለም ዘርፉ የራሱ ገበያ አለው። በካናዳ የተመሠረተው ሃርለኲን የተባለው አሳታሚ እ.ኤ.አ. በ1997 ለክርስቲያን አንባቢዎች የተለየ የፍቅር መጻሕፍት ተከታታይ ጀመረ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ልብ አንጠልጣዩን ለብቻው አወጣው። በእነዚያ መጻሕፍት በብዛት የምናገኘው የአሜሪካ ትንሽ ከተማ ነው፦ ሸሪፉ፣ ፓስተሩ፣ ከብዙ ዓመት በኋላ ወደ ትውልድ ቦታዋ የምትመለስ ሴት። ይህን ወስዶ ስም ብቻ በመቀየር ደምበጫ ወይም ብቸና ላይ ማስቀመጥ አይሆንም። ሸሪፉ በፖሊስ፣ ፓስተሩ በቄስ ቢተካ እንኳ ነገሩ እዚህ የሚተሳሰርበት መንገድ ሌላ ነው።

በአማርኛ መነሻ የሚሆን ነገር አለ?

አለ፤ እንዲያውም የአማርኛ ልብ ወለድ የጀመረው በዚሁ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። በጣና ዳር በዘጌ የተወለዱት አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም ሮም ላይ ያሳተሙት «ልብ ወለድ ታሪክ» የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ተብሎ ይቆጠራል። ጦቢያ የተባለች ክርስቲያን ልጅ ወንድ መስላ ትሰደዳለች፤ በአረማዊ ንጉሥ እጅ ትወድቃለች፤ በመጨረሻ ንጉሡ ክርስትናን ተቀብሎ ያገባታል። ፍቅሩ አለ፣ የማንነት መደበቁና የመጋለጡ ስጋት አለ፣ ቋጠሮውም የሚፈታው በእምነት ነው።

ሌላው ያለ ጎጃም የማይታሰበው «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። ደብረ ማርቆስ አካባቢ የተወለዱት ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም ያሳተሙት ይህ መጽሐፍ የቤተ ክርስቲያን ተማሪውን በዛብህንና የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ ሰብለ ወንጌልን ያፋቅራል። የካህናቱን ዓለም፣ የቅኔውን ቤት፣ የባላባቱን ግቢ ከውስጥ ያሳያል። ሆኖም ከምንነጋገርበት ዘርፍ ይለያል፤ ርዕሱ እንደሚናገረው ፍቅረኞቹን የሚያገናኛቸው ሞት ነው። እዚህ ግን አንባቢ መጽሐፉን የሚገዛው ጥንዶቹ በሕይወት እንደሚተራረፉና እንደሚጋቡ ከወዲሁ አምኖ ነው። ጥያቄው «ይገናኙ ይሆን?» ሳይሆን «በምን ዋጋ?» የሚለው ነው።

ለምን ትንሽ ከተማ? ለምንስ ጎጃም?

በትልቅ ከተማ አደጋው የማይታወቅ ሰው ነው። በትንሽ ከተማ ግን ገዳዩ ልቅሶ ቤት መጥቶ አልቅሷል፤ የእድር ድንኳን ሲተከል ካስማ መትቷል፤ በሰልስቱ ንፍሮ ቀርቦለት በልቷል። በጽዋ ማኅበር አብረው የሚቀመጡ ሰዎች በወር አንድ ቀን ከአንድ ዳቦ ይቆርሳሉ። ከመካከላቸው አንዱ ሌላውን የሚያስገድል ነገር ቢያውቅና ጽዋው ተራው ደርሶ እቤቱ ቢገባ ምን ያደርጋል? ይህን ዓይነቱን ጭንቀት ለመፍጠር ጨለማ ጫካ አያስፈልግም፤ ሞሰቡና ጠላው ይበቃሉ።

ጎጃምን በተመለከተ መልክዓ ምድሩ ራሱ ለዚህ ታሪክ የተሠራ ይመስላል። ዓባይ ምሥራቁን፣ ደቡቡንና ምዕራቡን ከብቦታል። ከደጀን ወደ ጎሐ ጽዮን ለመሻገር መኪናው በጥምዝ መንገድ ወደ በረሃው ይወርዳል፤ በጃፓን እርዳታ የተሠራውን አዲሱን ድልድይ ተሻግሮ ያንኑ ያህል ይወጣል። ደጋው ላይ ጋቢ ለብሶ የተሳፈረ ሰው ታች ሲደርስ በላብ ይጠመቃል። የሚሸሽ ሰው በዚያ መንገድ ካለፈ የግድ ይታያል፤ ፍተሻ ካለ የሚዞርበት ሌላ መንገድ የለውም። በሞጣ በኩል ደግሞ ወደ ጎንደር የሚያሻግረው ሰባራ ድልድይ አለ። መሐሉ ከተቆረጠ በኋላ ሰዎች ወገባቸውን በገመድ እየታሰሩ ከዳር እስከ ዳር ሲጎተቱበት የኖሩ ነው። ሁለት ሰዎች አንዱ ገመዱን ይዞ ሌላው በገመዱ ተንጠልጥሎ፣ በመካከላቸውም ያልተነገረ ነገር ቢኖር የሚፈጠረውን ጭንቀት ማንም ደራሲ ያየዋል።

ከዚያ የጮቄ ተራራ አለ፤ ክረምት ላይ ጉሙ ሲወርድ በአሥር እርምጃ ያለ ሰው ጥላ ይሆናል። በሰከላ ደግሞ ግሽ ዓባይ አለ። አቡነ ዘርዐ ብሩክ መጻሕፍታቸውን ለዓባይ ምንጭ አደራ ሰጥተው ውኃ ሳይነካቸው መልሰው እንደተቀበሉ በትውፊት ይነገራል። ጠበል ቦታ ለዚህ ዘርፍ ወርቅ ነው፤ ከየአገሩ የመጣ ሰው ነጠላውን ተከናንቦ ተራ ይጠብቃል፣ ማን እንደሆነም የሚጠይቀው አይኖርም።

እውነተኛ ከተማ ልጥቀስ ወይስ ልፍጠር?

የወንጀሉን ከተማ ይፍጠሩ፤ ዙሪያውን ግን እውነተኛ ያድርጉ። «ከሉማሜ ወጥቶ ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው መንገድ» ብሎ መጀመር ለአንባቢ መሬት ይሰጣል። በእውነተኛ ትንሽ ከተማ ውስጥ ግን አንድ የወረዳ ዳኛ፣ አንድ የታወቀ ፋርማሲ፣ አንድ ቄሰ ገበዝ ስላለ ሰው «እገሌን ነው የጻፈው» ይላል። ስም ማጥፋት ሳያስቡት ይመጣል።

አደጋው ከየት ይምጣ? የተደራጀ የወንጀል ቡድን ማስገባት የግድ ነው?

በፍጹም። እጄ ላይ የሚደርሱ ረቂቆች ብዙዎቹ ጥቁር መነጽር ያደረጉ፣ ጥቁር መኪና የሚነዱ ሰዎችን ከአዲስ አበባ ያስመጣሉ። የአገሬው ምድር የራሱ አደጋ ሞልቶታል።

የመጀመሪያው የቤተ ክርስቲያን ቅርስ ስርቆት ነው። ይህ ልብ ወለድ ብቻ አይደለም፤ የላሊበላው አፍሮ አይገባ መስቀል በ1989 ዓ.ም ተሰርቆ አንድ ቤልጅጋዊ ሰብሳቢ እጅ ከገባ በኋላ ወደ ቦታው መመለሱን ያስታውሳሉ። በጎጃም መርጡለ ማርያም፣ ደብረ ወርቅ፣ ዲማ ጊዮርጊስ፣ የጣና ገዳማት ሁሉ ለዘመናት የተጠበቀ ሀብት አላቸው። ስም በሌላት የገጠር ደብር ዕቃ ቤት ውስጥም ቢሆን በጨርቅ ተጠቅልሎ የተቀመጠ ብራና አይጠፋም። ከአገር ማውጣት በሕግ የተከለከለ ነው፤ ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ይህን ይደነግጋል።

እስቲ አንድ ትዕይንት በቅርብ እንየው። ጀግናዋ ከባሕር ዳር የመጣች የቅርስ መዝጋቢ ናት። ዕቃ ቤቱ የሚከፈተው የተለያዩ ቁልፎች የያዙ ሰዎች በአንድነት ሲገኙ ነው፤ ቄሰ ገበዙ አንዱን፣ የሰበካ ጉባኤው ተወካይ ሌላውን ይዟል። ገድሉ ወጥቶ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። የእንጨት ገበታው አሮጌ ነው፣ የቆዳው ጌጥ አሮጌ ነው፣ ጠርዙ በእጅ ብዛት ጠቁሯል። ስትገልጠው ግን ጥራዙ የተሰፋበት ጅማት ነጭ ነው። ገጾቹን ወደ መስኮቱ ታነሣለች፤ ባለቤቱን ያሠፈረው ቦታ ላይ ብራናው ሳስቷል፣ በቢላ ተፍቋል። ሁለት ቅጠል ስታልፍ የእመቤታችን ስም በጥቁር ቀለም ተጽፎ ታያለች። በሥርዓቱ ያደገ የብራና ጸሐፊ የእመቤታችንን ስም በቀይ ቀለም ይጽፋል እንጂ በጥቁር አይጽፍም። ውስጡ ተቀይሯል። ቀና ስትል የቁልፎቹ ባለቤቶች ሁሉ እያዩዋት ነው፤ ከእነርሱ አንዱ የምትወደው ሰው አባት ነው። ተኩስ የለም፣ ሩጫ የለም፤ ከዚህ በኋላ ግን አንባቢ መጽሐፉን አያስቀምጥም።

ሁለተኛው ደም ነው። ሁለት ቤተሰቦች መካከል የቆየ ደም ካለ፣ ወንድ ልጅ ሲያድግ የአባቱን ገዳይ ቤት እየተጠቆመ ነው። ታራቂዎቹን ለማስቀመጥ ሽማግሌዎች ሲመላለሱ፣ ካህናት መስቀል ይዘው በመካከል ሲገቡ ይታያል። ፍቅረኞቹ ከሁለቱ ወገኖች ቢሆኑ ታሪኩ የታወቀ ይመስላል፤ አዲስ የሚያደርገው ይቅርታው እውነተኛ መሆን ያለበት መሆኑ ነው። በሽማግሌ ፊት «ይቅር ብያለሁ» ማለትና በልብ ይቅር ማለት መካከል ያለው ርቀት ሙሉ ልብ ወለድ ይወጣዋል።

ሦስተኛው የዘር ቆጠራ ነው። ከጋብቻ በፊት ሽማግሌ ሰባት ቤት ይቆጥራል። የማን ልጅ የማን ልጅ እንደሆነ የሚያውቁት አዛውንት ለከተማዋ መዝገብ ቤት ናቸው። አንድ ሰው የተደበቀ አባት ወይም በሐሰት የተወረሰ መሬት ካለው እኒያ አዛውንት ከመቁጠራቸው በፊት ዝም እንዲሉ ይፈልጋል። ይህን የሞከረ ረቂቅ እስካሁን አልገጠመኝም፤ ቢሞከር ደስ ይለኛል።

የንስሐ አባት የገዳዩን ማንነት በኑዛዜ ቢሰማ መናገር ይችላል?

አይችልም። በንስሐ የተነገረ ምስጢር አይገለጥም፤ ካህኑ በዚህ የታሰረ ነው። በርካታ ጸሐፊዎች ይህን እንደ እንቅፋት ያዩታል፤ ስለዚህ ካህኑ «በዘወርዋራ» ለፖሊስ እንዲጠቁም ያደርጋሉ። ይህ ታሪኩንም ካህኑንም ያበላሻል። እንቅፋቱ ራሱ ዋናው ሀብት ነው።

ካህኑ ምን ማድረግ ይችላል? ተናዛዡ ሄዶ እጁን እንዲሰጥ ሊመክረው፣ ሊለምነው፣ ቀኖና ሊሰጠው ይችላል። ሊገደል የታሰበውን ሰው ግን «ተጠንቀቅ፣ እገሌ ነው» ሊለው አይችልም። በትንሽ ከተማ ያው አንድ አባት ለገዳዩም፣ ለሟቹም ቤተሰብ፣ ለጀግናዋም የንስሐ አባት ሊሆን ይችላል። የሟቹን ፍታት ያደርሳሉ፣ ቀና ሲሉ ያ ሰው በሐዘንተኞቹ መካከል ቆሟል። እኔ በበኩሌ እንዲህ ያለውን አባት እንደ ሁለተኛ ዋና ገጸ ባሕርይ እጽፈዋለሁ፤ እንቅልፍ የሚያጣው፣ ቅዳሴ ላይ እጁ የሚንቀጠቀጠው እሱ ነውና።

ከዚሁ ጋር ግዝት አለ። ንብረት ሲጠፋ ካህን በሕዝብ ፊት ያየ፣ የሰማ፣ የሚያውቅ ዝም እንዳይል ይገዝታል። ጀግናዋ ያየችው ነገር ካለና ያን እሑድ ምእመናኑ መሐል ቆማ ግዝቱን ከሰማች፣ ዝም ማለት ራሱ በነፍስ የሚያስጠይቅ ሆነባት። መናገር ደግሞ የምትወደውን ሰው ያስይዛል። አንዱ ምስጢር በንስሐ ታትሟል፣ ሌላው በግዝት ተከፍቷል፤ በዚህ መሐል የሚራመድ ታሪክ ከሌላ አገር ሊመጣ አይችልም።

ፍንጩን እንዴት ልደብቀው?

በቅኔ። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ደብረ ኤልያስ የቅኔ ትምህርት የሚታወቅባቸው ናቸው፤ ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቦ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ቁራሽ የሚለምን ተማሪ በጎጃም መንገድ ላይ የተለመደ ነው። ማንም ልብ አይለውም፤ በየደጁ ስለሚቆም ግን ሁሉን ያያል። የዓይን ምስክርነት ከዚህ የተሻለ ቦታ የለውም።

በበዓለ ንግሥ ማኅሌት ላይ ያ ተማሪ ቅኔ ሲያቀርብ ሰሙ ሰማዕቱን ያወድሳል፤ ወርቁ ሌባውን ይጠራል። ሕዝቡ በአድናቆት ራሱን ይነቀንቃል። አዳራሹ ውስጥ ወርቁ የገባቸው የኔታና አንድ ደብተራ ብቻ ናቸው። የኔታ ፊታቸው ይጠቁራል፣ ደብተራው መቋሚያውን ጨብጦ ይቀመጣል። ጀግናው ቅኔ ባይገባውም የሁለቱን ፊት አይቷል። ቅኔውን ራሱን መጽሐፉ ላይ ማስፈር ከፈለጉ ግን ቅኔ ለሚያውቅ ሰው ያስመርምሩት፤ ቤት የማይመታ ወይም ግእዙ የተሰበረ ቅኔ በጎጃም አንባቢ ፊት ይቅርታ የለውም።

ደብተራውን ድግምተኛ አድርጌ ብጽፈውስ?

ሺህ ጊዜ ተጽፏል። ደብተራ በመጀመሪያ የዜማና የቅኔ ሊቅ፣ የማኅሌት አገልጋይ ነው። ወንጀለኛ ደብተራ መጻፍ ይቻላል፤ ወንጀሉ ግን ከሰውየው ቅናት፣ ዕዳ ወይም ፍርሃት ይምጣ እንጂ ከማዕረጉ አይምጣ።

ጠለፋን የፍቅር መነሻ ማድረግ ይቻላል?

አይቻልም፤ በዚህ ላይ ለድርድር ቦታ የለኝም።

«ጠልፎ ወሰዳት፣ ቀስ በቀስ ወደደችው» የሚለው ታሪክ በእኛ አገር የእውነት ሴቶች ዕድሜ ያለቀበት ነው። በ1949 ዓ.ም የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባ ከቅጣት የሚያመልጥበት በር ትቶለት ነበር። የ1996 ዓ.ም የወንጀል ሕግ አንቀጽ 587 ያን በር ዘግቷል፦ ጠለፋ ከሦስት እስከ አሥር ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ያስቀጣል፣ ጋብቻው መፈጸሙም ከኃላፊነት አያድንም። ለጋብቻ የሚፈቀደው ዕድሜም 18 ዓመት ነው። ክርስቲያናዊ ልብ ወለድ ከሕጉ አንሶ መገኘት የለበትም። በቤተ ክርስቲያንም ቢሆን ያለ ሁለቱ ፈቃድ ጋብቻ አይባረክም።

ጠለፋ በታሪኩ ውስጥ እንደ አደጋ ሊገባ ይችላል፤ ወንጀል መሆኑ ግልጽ ሆኖ። ጀግናዋን የሚያስመልጣት ጀግናው ብቻ መሆንም የለበትም። መንገዱን የምታውቅ፣ ድምፅ የምታሰማ፣ ወደ የትኛው ደጅ መሮጥ እንዳለባት የምታስብ ሴት አድርጋችሁ ጻፏት እላለሁ ለሁሉም።

ጀግናው ዲያቆን ሊሆን ይችላል?

ይችላል፤ እንደዚህ ያለ ጀግና የሚያመጣውን ውጥረት ሌላ አያመጣውም። ዲያቆን ካልመነኮሰ በቀር ቅስና ከመቀበሉ በፊት ማግባት አለበት፤ ከተቀበለ በኋላ ማግባት አይችልም፤ ሚስቱ ብትሞት ሁለተኛ አግብቶ በክህነቱ አይቀጥልም። ጋብቻውም በተክሊል፣ በድንግልና የሚፈጸም ነው። ስለዚህ ለእርሱ ምርጫው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ስለ እርሷ በከተማው የሚወራ የሐሰት ወሬ ፍቅሩን ብቻ ሳይሆን አገልግሎቱን ይመታል። ተንኮለኛው ይህን ካወቀ ጥይት አያስፈልገውም፤ ቡና ላይ የተጣለ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል።

ፍቅሩ እስከ ምን ድረስ ይታይ?

ከመኝታ ቤት በር በፊት ይቆማል። ይህ ግን ፍቅሩን ማደብዘዝ ማለት አይደለም። በጥምቀት በዓል የምትወረወር ሎሚ፣ ጽዋ ላይ ስትቀዳ የማትነሣ ዓይን፣ በዝናብ የተሰጠና ያልተመለሰ ጋቢ፣ «እርስዎ» ሲላት የቆየው አንድ ቀን ሲደነግጥ «አንቺ» ማለቱ፦ እነዚህ በትክክለኛው ምዕራፍ ከገቡ ከብዙ ገለጻ ይበልጣሉ። በተለይ የመጨረሻውን አንባቢ ፈጽሞ አይረሳውም።

የፖሊስ ምርመራውን እንዴት ልጻፍ?

ከፊልም አይቅዱ። የወረዳ ፖሊስ ሁለት መርማሪ፣ አንድ ሞተር ብስክሌት፣ አንዳንድ ጊዜም የማይነሣ ስልክ ሊኖረው ይችላል። አስከሬን ለምርመራ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ይላካል፤ ውጤቱ በማግሥቱ አይመጣም። በእጅዎ ያለው ጥሩ ሰዓት ቆጣሪ ሕገ መንግሥቱ ነው፦ አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል፤ የጉዞው ጊዜ ሳይቆጠር። ጀግናው በሐሰት ተይዞ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ጣቢያ ከገባ፣ ጀግናዋ እውነተኛውን ማስረጃ ፍለጋ ያላት ጊዜ ይታወቃል። መንገዱ በጎርፍ ቢቆረጥስ? «የጉዞው ጊዜ» የሚለው ሐረግ በማን ጥቅም ይተረጎማል? እዚህ ላይ ሕግ የሚያውቅ ጸሐፊ ይጠቀማል።

ምስክር ፍለጋው ግን በአብዛኛው ከፖሊስ ጣቢያ ውጪ ይሆናል። ወፍጮ ቤት ወረፋ ላይ፣ መናኸሪያ፣ ጠላ ቤት፣ የቅዳሜ ገበያ በርበሬ ተራ። በየቦታው ሰው የሚያውቀውን ለመርማሪ አይናገርም፤ ለክርስትና ልጁ ይናገራል።

አሁን በክልሉ ያለው ግጭት በታሪኩ ይግባ?

ከ2015 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ ሰዎች የከፈሉት ዋጋ ገና ትኩስ ነው። የሰው ሐዘን ለማሳደጃ ትዕይንት ማድመቂያ እንዲሆን አልመክርም። ጉዳዩን መጻፍ የሚፈልግ ራሱን የቻለ፣ ጊዜ የወሰደ መጽሐፍ ይጻፍበት። የፍቅርና የወንጀል ታሪክዎን ግን ዓመቱን ለይተው ከዚያ በፊት ቢያስቀምጡት መንገዱም፣ ስልኩም፣ ገበያውም እንደዚያን ጊዜው ይሆናል።

ቋጠሮውን ተአምር ቢፈታውስ?

ተአምር ታሪኩን ሊጀምረው ይችላል፤ መፍታት ግን የለበትም። ገዳዩ ሽጉጡን ሲያነሣ መብረቅ ቢመታው አማኙ አንባቢም ይከፋዋል፤ ባለታሪኩ በእምነት ያደረገው ነገር የለምና። መልሱ ከጸሎት በኋላ በሚወሰድ እርምጃ ቢመጣ ይሻላል። በፍልሰታ ሱባኤ የገባች ሴት ለቀናት ያመቀችውን እውነት ተነሥታ ብትናገር፣ ያ ለእኔ ከመብረቁ ይበልጣል።

ገጸ ባሕርያቴ ወንጌላውያን ቢሆኑስ?

ችግር የለውም፤ በጎጃም ከተሞች ወንጌላውያን አማኞች አሉ፤ ታሪካቸውም መጻፍ አለበት። ንስሐ አባት፣ ተክሊልና ግዝት በእነርሱ ዘንድ ስለሌሉ ግን የታሪኩ መቆለፊያ ሌላ ይሆናል፤ የጉባኤው ምስክርነት፣ የቤተሰብ መለየት፣ በሕዝብ ፊት የተሰጠ ኑዛዜ። ከሁለቱ ወገን የተውጣጡ ፍቅረኞችን ከጻፉ አንዱን እምነት ያስተዋይ፣ ሌላውን የጨካኝ አያድርጉት። በእንዲህ ያለ ቤት ውስጥ የምታለቅስ እናት በሁለቱም በኩል አለች።

ንግግሩን በጎጃም ዘዬ ልጻፈው?

ትረካው በመደበኛ አማርኛ ይሁን። ንግግሩ ላይ ቅመሙ ይበቃል፤ ታላቅን «አያ» ማለት፣ አስተማሪን «የኔታ»፣ ካህንን «አባ»። ሽማግሌን «አንተ» የሚል ወጣት በጎጃም ገጠር ጠብ ፈላጊ ነው፤ ስለዚህ ሳያስቡ አይጻፉት፣ አስበው ከጻፉት ግን ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ሠርጉ መቼ ይሁን?

ይህን ጥያቄ ብዙዎች መጨረሻ ላይ ያነሡታል፤ መነሣት የነበረበት ግን መጀመሪያ ላይ ነው። በጾም ሠርግ የለም። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ከትንሣኤ በኋላ ያሉት ኀምሳ ቀናት ግን ረቡዕና ዓርብም አይጾሙም። የሠርግ ዋናው ወቅት ከጥምቀት በኋላ ያለው ጥርና ጾሙ እስኪገባ ያለው የካቲት ነው፤ አዝመራው ገብቷል፣ ጠላው ተጠንስሷል፣ መንገዱ ደርቋል። ሰኔ ከገባ ገበሬው እርሻ ላይ ነው፤ ሽማግሌ ሊልክ የሚያስብም የለም።

ስለዚህ ከመጨረሻው ወደ ኋላ ይቁጠሩ። ተክሊሉ ጥር መጨረሻ ላይ ከሆነ፣ ሽማግሌዎቹ ኅዳር ወይም ታኅሣሥ መላክ አለባቸው። ያ ጊዜ ደግሞ የነቢያት ጾም ነው፤ ገዳዩም ጀግናውም ይጾማሉ፣ ያስቀድሳሉ። ብራናው የጠፋው በመስቀል ሰሞን ቢሆን፣ ግዝቱ በጥቅምት ቢነገር፣ ፍለጋው በገና ዋዜማ ቢበረታ፣ እውነቱ ታቦታቱ ወደ ጥምቀተ ባሕር ሲወርዱ ከተማው ሁሉ በወጣበት ሌሊት ቢገለጥ፣ ለሠርጉ ሁለት ሳምንት ይቀራል። እንጀራ ጋጋሪዎቹን ማስጠራት፣ ሚዜዎቹን ማልበስ፣ የታረቁትን ወገኖች በአንድ ዳስ ለማስቀመጥ ሽማግሌዎችን እንደገና መላክ ያንን ጊዜ በደንብ ይሞላዋል። ንጋት ላይ በቅዳሴ ሰዓት ካባ ለብሰው፣ አክሊል ደፍተው፣ ቆርበው ሲወጡ ያስጨርሱት፤ ምሳው ከዚያ በኋላ ነው፣ መጽሐፉ ውስጥ ባይገባም ይሆናል።